«ጨጓራ ነው» ከማለታችን በፊት
(ስለ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስለ ሕክምናው)



አንድ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ጫነኝ» ሲል ስንሰማ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ጨጓራህ ነው፣ ወተት ጠጣበት» እንላለን። አንዱ «ብርድ ነው» ይላል። ሌላው ፌጦ ያስበጠብጣል። ሦስተኛው ደግሞ «ተኛበት፣ ጧት ይለቅሃል» ብሎ ይመክራል። መቼም ክፋት ኖሮን አይደለም። ብዙውን ጊዜም ነገሩ እውነትም ጨጓራ ሆኖ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጨጓራ አይደለም፤ የልብ ደም ስር ተዘግቶ የልብ ጡንቻ በየደቂቃው እየሞተ ነው። በዚያን ጊዜ በወተትና በፌጦ የሚያልፈው ሰዓት ተመልሶ የማይገኝ ሰዓት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢን ሐኪም ለማድረግ አይደለም። በተለምዶ «ሃርት አታክ» የሚባለው ሕመም ምን እንደሆነ፣ ሕክምናው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ እንዲሁም ሐኪም በቅርብ በሌለበት ቦታ የሚመደብ መምህር ምን ማድረግ እንደሚችል ባጭሩ ለማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

የአንድ ፕሬዚዳንት ሌሊት

ነገሩን በአንድ በታወቀ ታሪክ እንጀምር። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1955 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ድዋይት አይዘንሃወር በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ ዕረፍት ላይ ነበሩ። ዕድሜያቸው 64 ነበር። ቀኑን ጎልፍ ሲጫወቱ ዋሉ። ምሳ ላይ ሀምበርገር በጥሬ ሽንኩርት በሉ። ከሰዓት በኋላ ሆዳቸውን ቅር ሲላቸው የጠረጠሩት ሽንኩርቱን ነበር።

በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በደረት ሕመም ነቁ። ባለቤታቸው ለሆድ የሚሰጥ ማስታገሻ ሰጧቸው፤ ሐኪማቸውም ተጠሩና መጡ። ሲነጋ ለጋዜጠኞች የተነገረው ፕሬዚዳንቱ የምግብ አለመፈጨት እንደገጠማቸው ነበር። የልብ መመርመሪያ መሣሪያ ቀርቦ እውነቱ የታወቀው ግን ቀን ላይ፣ ሕመሙ ከጀመረ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው። ከሆዳቸው ምንም ችግር አልነበረም፤ የተዘጋው የልባቸው ደም ስር ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል! እኚህ ሰው የግል ሐኪም ከአጠገባቸው የማይለያቸው፣ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በቅርብ ያላቸው የአገር መሪ ነበሩ። በእሳቸው ቤት ሽንኩርት ከተወነጀለ በእኛ መንደር ጨጓራ ቢወነጀል ምን ይደንቃል? አይዘንሃወር ተርፈዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ለሁለተኛ ጊዜ ተመርጠዋል። በዚያን ዘመን ግን ቶሎ ቢታወቅላቸውም እንኳ የተዘጋውን ደም ስር የሚከፍት ሕክምና ገና አልተገኘም ነበር። ዛሬ ተገኝቷል። ስለዚህም ያኔ የጠፋው ሰዓትና ዛሬ የሚጠፋው ሰዓት ዋጋቸው እኩል አይደለም።

ልብ ራሱ ከየት ይመገባል?

ልብ የተጨበጠ እጅ የሚያህል፣ ከጡንቻ የተሠራ የደም መግፊያ ነው። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ በየደቂቃው 5 ሊትር ገደማ ደም ይገፋል። ደምን ከልብ አውጥተው ወደ ሰውነት የሚወስዱት ደም ቅዳዎች፣ ወደ ልብ የሚመልሱት ደግሞ ደም መልሶች እንደሚባሉ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምረናል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ይኸውም ያ ሁሉ ደም በልብ ውስጥ ቢያልፍም የልብ ጡንቻ ከሚያልፈው ደም በቀጥታ ጠጥቶ የሚኖር አለመሆኑ ነው። ነገሩ እንደ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነው። ቀኑን ሙሉ ብዙ ሺሕ ብር በእጁ ያልፋል፤ እሱ ግን የሚኖረው በወር ደመወዙ ነው። የልብም «ደመወዝ» የሚመጣለት ከትልቁ ደም ቅዳ ሥር በሚነሡ ሁለት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ነው። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ወጥተው፣ ቅርንጫፍ አብጅተው ልብን እንደ አክሊል ይከቡታል። «ኮሮናሪ» የተባሉትም በላቲን ቋንቋ አክሊል ከሚለው ቃል ተነሥቶ ነው። ከነዚህ አንዱ ቅርንጫፍ ድንገት ከተዘጋ በዚያ ቅርንጫፍ የሚመገበው የልብ ክፍል ኦክሲጅን ያጣል። ሃርት አታክ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ደም ስሩ እንዴት ይዘጋል?

ሕመሙ በድንገት ይምጣ እንጂ ዝግጅቱ የብዙ ዓመታት ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኮሌስትሮል የተባለው የስብ ዐይነት ከመጠን ሲያልፍ በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል። የሲጋራ ጭስ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ግድግዳውን ስለሚጎዱት ክምችቱን ያፋጥኑታል። ሰውነትም ይህን ባዕድ ነገር ለመዋጋት ሲሞክር ስፍራው ይቆጣል፤ ውጤቱ በስስ ሽፋን የተከደነ የስብ እብጠት ይሆናል።

ይህ የሽማግሌ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በ1953 የአሜሪካ ሐኪሞች በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 ወታደሮችን ልብ መርምረው ነበር። የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ብቻ ነበር። ሆኖም ከ100ው በ77ቱ ላይ የኮሮናሪ ደም ስር ሕመም ምልክት ተገኝቷል። 22 ዓመት ማለት በዚህ ተቋም ውስጥ የብዙዎቻችን ዕድሜ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ያ ስስ ሽፋን እንደ ብጉር ይፈነዳል። ደሙም ቁስል ያገኘ ይመስለውና ለመድፈን ይረጋል። እጃችን በምላጭ ሲቆረጥ ሕይወታችንን የሚያድነው የደም መርጋት እዚህ ላይ ጠላት ይሆናል፤ ቀጭኑን ቧንቧ ይወትፈዋል። ከ20 እና 30 ደቂቃ በኋላ የልብ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። መንገዱ ካልተከፈተ በ6 እና በ12 ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ጉዳት ተፈጽሞ ያልቃል። የሞተው ጡንቻ እንደገና አይበቅልም፤ በምትኩ የማይኮማተር ጠባሳ ይቀራል። የልብ ሐኪሞች «ጊዜ ማለት ጡንቻ ነው» የሚሉትም ለዚህ ነው።

ስሞቹን አናምታታ

በንግግራችን ብዙ ጊዜ «የልብ ድካም» እያልን አራት የተለያዩ ነገሮችን እንቀላቅላለን። መምህር ስም በትክክል መጥራት ስላለበት እንለያቸው።

ሃርት አታክ ከላይ የተገለጸው የልብ ደም ስር በድንገት መዘጋት ነው። በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ ነፍሱን ያውቃል፤ ይናገራል፤ ልቡም እየመታ ነው።

«ልቡ ቀጥ አለ» የምንለው ደግሞ ልብ ደም መግፋቱን ፈጽሞ ሲያቆም ነው። ሰውየው ይወድቃል፤ አይሰማም፤ በደንብ አይተነፍስም። ሃርት አታክ ወደዚህ ሊያደርስ ይችላል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም።

የልብ ድካም በትክክለኛ ትርጉሙ የተጎዳ ልብ ኀይል አንሶት ደሙን እንደሚገባ መግፋት ሲያቅተው ነው። እግር ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ሃርት አታክ ትቶት የሚሄደው ጠባሳ አንዱ መንሥኤው ነው።

በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ቧንቧ መክፈቻና መዝጊያ በር ሕመም ደግሞ ሌላ ነው። ይህ የሚነሣው በሚገባ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም፣ በተለምዶ «ቶንሲል» ከምንለው ነው። ስለዚህ ጉሮሮውን የታመመ ተማሪ ስታዩ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትተዉት፤ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ምልክቶቹ

የሃርት አታክ ሕመም ብዙ ጊዜ እንደ መርፌ የሚወጋ አይደለም። በሽተኞች «ደንጋይ የተጫነብኝ ያህል ነው»፣ «አፈነኝ»፣ «በገመድ ጠፍሮ ያዘኝ» ይላሉ። በደረት መካከል ይጀምርና ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ሆድ የላይኛው ክፍል ይሄዳል። ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ይቆያል ወይም እየሄደ ይመለሳል። አብሮትም ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ከባድ ጭንቀት ይመጣል።

ሆኖም ሁሉም በሽተኛ በዚህ ሥርዐት አይታመምም። በሴቶች፣ በአረጋውያንና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የደረቱ ሕመም ቀላል ሊሆን፣ ከናካቴው ላይኖርም ይችላል። ድካም፣ ማስመለስና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ያልፋል። እናቶቻችን «ወገቤንና ጀርባዬን ያዘኝ፣ ልቤ ይዝላል» ሲሉ ሥራ ስለበዛባቸው ነው ብለን የምናልፈው አንዳንዴ ይህ ነው።

ለአንዳንዶች አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይመጣላቸዋል። ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይጫናቸዋል፤ ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። ይህ የደም ስሩ መጥበብ ምልክት ስለሆነ ቀን ሳይሰጡ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ከጨጓራ በምን ልለየው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጨጓራ አብዛኛውን ጊዜ ያቃጥላል፤ ከምግብም ጋር ይያያዛል። ነገር ግን እቅጩን እንናገር ከተባለ በስሜት ብቻ መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል። የሚለየው በምርመራ ነው። ስለዚህ የእኛ ሥራ መለየት ሳይሆን መጠርጠርና ማድረስ ነው።

ሕክምናው ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚጽፈውን መሣሪያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለአገልግሎት ያበቁት የኔዘርላንዱ ሊቅ ቪለም አይንትሆፈን ናቸው፤ ለዚህም በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። በ1912 ደግሞ ጀምስ ሄሪክ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የልብ ደም ስር መዘጋት በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሊታወቅ እንደሚችልና ሰውየውም ሊተርፍ እንደሚችል ጻፉ።

መታወቁስ ታወቀ፤ ሕክምናው ግን ከአልጋ አይዘልም ነበር። በሽተኛው ሳምንታት ሙሉ ተጋድሞ እንዲቆይ ይታዘዝ ነበር፤ እንዲያውም በራሱ እጅ እንዳይጎርስ የሚከለከልበት ጊዜ ነበር። ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠ። እግር ውስጥ ደም እየረጋ ወደ ሳንባ ይሄድና በሽተኛውን ይገድል ነበር። ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን በ1952 በሽተኞችን ቶሎ ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል ሲያስተምሩ ብዙ ሐኪሞች ደነገጡ፤ በኋላ ግን ትክክል ሆነው ተገኙ።

በ1960 በባልቲሞር የነበሩ ተመራማሪዎች ቀጥ ያለን ልብ ደረትን በእጅ በመጫን ብቻ ለጊዜው መተካት እንደሚቻል አሳዩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የልብ በሽተኞችን በመሣሪያ ሌት ተቀን የሚጠብቁ ልዩ ክፍሎች በሆስፒታሎች ተከፈቱ። ከዚያ በፊት ሆስፒታል ከገቡት 100 የሃርት አታክ በሽተኞች 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በነዚህ ክፍሎች ምክንያት ቁጥሩ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። የተዘጋው ደም ስር ግን ገና እንደተዘጋ ነው።

መክፈቻው በሁለት መንገድ መጣ። የመጀመሪያው በመድኃኒት ነው። ስትሬፕቶኪናስ የሚባለው የረጋ ደም የሚያሟሟ ንጥረ ነገር ስትሬፕቶኮከስ ከተባለው የባክቴሪያ ወገን የሚገኝ ሲሆን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ጥቅሙ በማያጠራጥር ሁኔታ የተረጋገጠው ግን በ1986 ኢጣልያ ውስጥ በ11,000 በላይ በሽተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። መድኃኒቱን ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያገኙት ሰዎች ሞት መድኃኒቱን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ዘግይተው ያገኙት ግን የተጠቀሙት እየቀነሰ ሄደ። የሰዓት ዋጋ በቁጥር የታየው ያኔ ነው።

በ1988 ደግሞ 17,187 በሽተኞች የተካተቱበት ሌላ ጥናት ወጣ። በዚህ ጥናት ለራስ ምታት የምንውጠው ተራው አስፕሪን ብቻውን ለአንድ ወር ሲሰጥ የሞትን ቁጥር ከ100 በ23 ቀነሰ። ከስትሬፕቶኪናስ ጋር ሲደረብ ደግሞ በ42 ቀነሰ። በርካሽ የሚገዛ ኪኒን ይህን ያህል መሥራቱ ለድኻ አገር ትልቅ የምሥራች ነው።

ሁለተኛው መንገድ በፊኛ ነው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 አንድሪያስ ግሩንትሲግ የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በስዊዘርላንድ በዙሪክ ከተማ የአንድ የ38 ዓመት ሰው የጠበበ የልብ ደም ስር ከፈቱ። በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ፊኛ አሥረው፣ በብሽሽት ደም ስር አስገብተው፣ ጥበቱ ላይ ሲደርሱ ፊኛውን ነፉት። ሰውየው ደረቱ ሳይከፈት፣ ነፍሱን እያወቀ ተሻለው። ከ1986 ጀምሮ ደግሞ ደም ስሩ ተመልሶ እንዳይጠብ «ስቴንት» የሚባል የሽቦ መረብ ቱቦ በስፍራው መተው ተጀመረ።

ዛሬ ሆስፒታል ሲደረስ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይነሣል። የመጀመሪያው ምርመራ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ጥርጣሬ ካለ ይደገማል። ከተጎዳ የልብ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስስ ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን በደም ምርመራ ይታያል፤ ይህም ከፍ ለማለት ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መካከል በሽተኛው አስፕሪንና ሌሎች የደም መርጋትን የሚከላከሉ መድኃኒቶች ይሰጡታል። ድሮ ለሁሉም ይሰጥ የነበረው ኦክሲጅን ዛሬ የሚሰጠው በደሙ ውስጥ ኦክሲጅን ላነሰው ብቻ ነው።

ደም ስሩ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ከታወቀ ዋናው ጥያቄ «በምን ቶሎ እንክፈተው?» ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፊኛና ስቴንት ወዳለበት ማድረስ ከተቻለ የሚመረጠው እሱ ነው። ካልተቻለ የሚያሟሟው መድኃኒት እዚያው ይሰጣል። መድኃኒቱ የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሰዓቶች ውስጥ ነው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። አደጋም አለው፤ ከ100 ሰዎች በአንዱ ያህል ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስስ ስለሚችል ማን ይወሰድ፣ ማን ይቅር የሚለውን ሐኪም ይመዝናል። ብዙ ደም ስሮች ለተጎዱበት ሰው ደግሞ ከእግር ወይም ከደረት ደም ስር ወስዶ በተዘጋው ላይ መሻገሪያ የሚሠራ፣ ባይፓስ የሚባል ቀዶ ሕክምና አለ።

በአገራችን ደም ስር በፊኛ የሚከፍቱ ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። ይህ እውነት ተስፋ ሊያስቆርጠን አይገባም። መንገዱ ረጅም ለሆነበት ሰው በቤት የሚጠፋው ሰዓት ይበልጥ ውድ ይሆናል እንጂ አይረክስም። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያም ቢሆን አስፕሪን ይሰጣል፤ በሽተኛውን ይከታተላል፤ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል ያስተላልፋል።

የተረፈ ሰው ሕክምናው በዚያ አያበቃም። አስፕሪን፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት፣ ግፊትን የሚያወርዱና ልብን የሚያሳርፉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ይወስዳል። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ቀስ በቀስ በእግር መሄድ ይጀምራል። ሲጋራ የሚያጨስ ከነበረና ካቆመ ደግሞ ኋላ የመሞት ዕድሉ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ወደ ማስተማር ሥራውም መመለስ ይችላል፤ ብዙዎች ተመልሰዋል።

ማንን ይይዛል? እንዴትስ ይከላከሉታል?

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2019 በልብና በደም ስር ሕመሞች 17.9 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህም ከሦስት እጅ በላይ ሁለቱ ሳይሆን፣ ከአራት እጅ ሦስቱ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። «የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል እንግዲህ ጊዜው ያለፈበት ነው።

በ2004 የወጣ፣ በ52 አገሮች የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው ከሃርት አታክ አደጋ አብዛኛው የሚመጣው ሊለወጡ ከሚችሉ ነገሮች ነው። ዋና ዋናዎቹ የኮሌስትሮል መብዛት፣ ሲጋራ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የሆድ ውፍረት፣ ጭንቀት፣ አትክልትና ፍራፍሬ አለመብላትና እንቅስቃሴ አለማድረግ ናቸው። አይዘንሃወርም ወደ ፕሬዚዳንትነቱ ከመምጣታቸው በፊት በቀን አራት ፓኮ ያህል ሲጋራ የሚያጨሱ ሰው ነበሩ።

መከላከሉ እንደሚቻል ደግሞ ፊንላንድ አሳይታለች። በሰሜን ካሬሊያ ክፍለ ሀገር ወንዶች በጉብዝናቸው በልብ ሕመም ይረግፉ ነበር። በ1972 ሕዝቡ ራሱ የተሳተፈበት ዘመቻ ተጀመረ። ቅቤ በአትክልት ዘይት ተተካ፤ ጨው ተቀነሰ፤ ሲጋራ ተወገዘ፤ ትምህርት ቤቶችም ተካፈሉ። በ35 ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች በዚህ ሕመም መሞታቸው ከ100 በ80 በላይ ቀነሰ።

ወደ ራሳችንም እንምጣ። ፈተና ሲደርስ «እንቅልፍ ያባርርልኛል» ብሎ ጫት የሚይዝ ተማሪ በየማሠልጠኛው አይጠፋም። የየመን ሐኪሞች በ2002 እና በ2005 ባወጧቸው ጥናቶች በጫት ቃሚዎች ላይ ሃርት አታክ እንደሚበዛ፣ ሕመሙም የመቃሚያውን ሰዓት ተከትሎ ከሰዓት በኋላና ማታ እንደሚያዘነብል አሳይተዋል። ጫት ልብን ያፈጥናል፤ ግፊት ይጨምራል፤ ደም ስርን ያጠብባል። ሲጋራ ሲጨመርበት ደግሞ በእሳት ላይ ጋዝ ነው። ከዚህ ሌላ የደም ግፊት ሳያሳምም ዓመታት ይቀመጣልና ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ መምህራን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢለኩ መልካም ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ በሽታውን ያላወቀውስ?

በትምህርት ቤት ግቢ ቢያጋጥመን

እንበልና ተመርቃችሁ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድባችኋል። አንድ ቀን ጧት በሰልፍ ሰዓት ርእሰ መምህሩ ደረታቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል። «ምንም አይደል፣ ጨጓራዬ ነው፣ እናንተ ወደ ክፍል ግቡ» ይላሉ። ታላቅን ሰው መቃወም ደግሞ ይከብዳል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። እዚህ ላይ ግን ይሉኝታ ይገድላል። «ኧረ ጋሼ፣ ጨጓራም ከሆነ ሐኪም ይንገረን» ማለት ድፍረት አይደለም፤ አክብሮት ነው። ከዚያም፦

1ኛ. በተመቻቸው ሁኔታ ጀርባቸውን አስደግፎ ማስቀመጥ፣ የጠበበ ልብስ ማላላት። በእግር እንዲሄዱ አለማድረግ።

2ኛ. ወዲያው የወረዳውን አምቡላንስ መጥራት፤ ከሌለ የተገኘውን መኪና ማስቆም። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በወረቀት መጻፍ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

3ኛ. 300 ሚሊግራም አስፕሪን ከተገኘ እንዲያኝኩት መስጠት። አስፕሪን የማይስማማቸው፣ ደም የሚፈስሳቸው ወይም ሐኪም የከለከላቸው ከሆኑ ግን አይሰጥም።

4ኛ. ፌጦ፣ አረቄ፣ ቡናም ሆነ ምግብ አለመስጠት። የሌላ ሰው የልብ መድኃኒትም አይሰጥም። «መርፌ ውጉኝ» ቢሉም ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ መርፌ ማስወጋት አይገባም፤ እንደ ዲክሎፌናክ ያለው ለልብ በሽተኛ ጎጂ ነው፤ በኋላም ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሲሰጥ የተወጋው ስፍራ ሊደማ ይችላል።

5ኛ. ድንገት ወድቀው መልስ ካልሰጡና በደንብ ካልተነፈሱ ልባቸው ቀጥ ብሏል ማለት ነው። በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባቸው ማስተኛት፤ የአንድ እጅን መዳፍ በደረት መካከል አድርጎ ሌላውን እጅ ደርቦ፣ ክርንን ሳያጥፉ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች መጫንና መልቀቅ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ስለሚያደክም በየሁለት ደቂቃው መቀያየር፤ ርዳታ እስኪደርስ ወይም ሰውየው እስኪነቃ አለማቆም።

6ኛ. ሁኔታውን ያየ አንድ ሰው አብሮ መሄድ፤ ያየውንም ለሐኪሙ መንገር።

ምርመራ ተደርጎ ጨጓራ ሆኖ ቢገኝስ? እሰየው ነው! የጠፋው የአንድ ቀን ትምህርትና የመኪና ኪራይ ብቻ ነው። ሰዎች ቢስቁብንም ሥቆ መመለስ ይቻላል። ሳይጠረጠር ቀርቶ ልብ ሆኖ ሲገኝ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ አለን። በዚህ ግቢ ውስጥ የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ከዚህ ወረቀት ግርጌ ባዶ ቦታ ትተናል። የሚያውቅ አንባቢ በጉልህ ይጻፍልን፤ የማያውቅም ገልብጦ ይያዝ። ወደ ሥራ ስንሰማራ ደግሞ በደረስንበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ መጀመሪያ ከምንለጥፋቸው ወረቀቶች አንዱ ይኸው ቁጥር ይሁን።